ሰደፏ ላይ የተጻፈው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ከቀኑ 8 ሰዓት

ከሶዶ መግባቴ ነው፣ ከዚህ ከተማ የመጋዘን ሰፈር እንጂ ከአገር ቤቱ አይደለም። ጃኬቴን አላወለቅኩም። ዛሬ አንቺ ካልሰማሽኝ የሚሰማኝ የለም ደብተሬ። ትርንጎ ገና «ዴል ዘንድ ነበርኩ» ስላት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ሚስቴ ናት፣ መብቷ ነው።

ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዶላር! ለምንሽር! ለዚያች ለጣሊያን ሥሪት፣ አፈሙዟ ውስጡ እንደ አሮጌ የውኃ ቧንቧ ለዛገ፣ ማንገቻዋ ለጠፋ። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ የአገር ቤቱ ዕቃ በኮንቴይነር የገባ ሰሞን፣ እሷን የመሰለች በሁለት መቶ ሠላሳ ትቼ ወጥቻለሁ። ትቼ! ቆሻሻ ናት፣ ይቀንስ ብዬ። ያን ቀን ማን ያዘኝ?

የመስኮብ ሥሪቱ ረጅም ጠመንጃ ደግሞ የዛሬ አሥር ምናምን ዓመት እዚሁ ከተማ ሰማንያ ዶላር ነበር። በርሜል ውስጥ እንደ መጥረጊያ እንጨት ተሰክቶ፣ መርጦ ማንሳት ነው። ዛሬ አምስት መቶ። ምን ተጨመረበት? ዝገት ተጨመረበት። አሁን የሚገዛው ሰው «ኢንቨስትመንት» ይለዋል። ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ ቁጥሯን ያያል፣ ቃታዋን ሳይነካ ይከፍላል። ማን ትከሻ ላይ እንደዋለች ጉዳዩ አይደለም።

የዛሬው ንዴቴ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። የዋጋ ካርዱ ነው።

ዴል የአሮጌ ጠመንጃ መሸጫው መጋዘን ባለቤት ነው። ነጭ፣ ሸበቶ፣ ረጅም፣ እሑድ እሑድ ቤ/ክ የማይቀር፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው። ሽፈራው ማለት አቅቶት «ሼፍ» ይለኛል። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ወጥ ቤት የምሠራ ይመስለዋል። ባለፈው አንዱ ስለ ቅመም ጠየቀኝ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ነው የምነዳው! ይሁን። ዴል ባለፈው ወር የዚህችን ምንሽር ሰደፍ አሳየኝና እንጨቱ ላይ የተፋቀውን አማርኛ አንብብልኝ አለ። «ሁለት በሬ» ይላል። ያኔ የገዛት ሰው የከፈለውን ነው የጻፈው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ነገርኩት። ሳቅን።

ዛሬ ካርዷ ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ፦ ዋጋ፣ ሁለት በሬ። ትርጉሙ በአገሩ ተወላጅ የተረጋገጠ። ሁለት መቶ ዶላር ጨምሮባታል።

ተወላጁ እኔ ነኝ! በነፃ አንብቤለት፣ በገዛ አፌ አስወደድኳት። መለስ ብዬ ሳየው ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። «ማንም እንዳይነካኝ» የምትለዋ፣ እኔ ነኝ ያነበብኳት፣ መቶ ሃምሳ ጨመረባት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይኸው ነው። ዴልን ጠየቅኩት። እየሳቀ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ሰው ታሪክ ይወዳል አለኝ።

ታሪኩ የማን ሆነና?


እሑድ፣ ጥቅምት 2። ከሰዓት

ከቤ/ክ መልስ ጋሽ ሙላትን ሰፈራችን ሬኒየር ቢች አደረስኳቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ከእኛ አፓርታማ ሁለት ብሎክ። አገር ቤት የወረዳ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጠመንጃ በመዝገብ ያስገቡ፣ በመዝገብ ያስወጡ ሰው። በዚህ ከተማ ይህን ነገር ከእኔ ጋር የሚያወሩ እሳቸው ብቻ። ሌላው «ሊዘምት ነው እንዴ?» ባይ ነው። ቸሪ መንገድ ያለው ፀጉር አስተካካይ በገባሁ ቁጥር ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺው ቀልድ።

የሁለት በሬውን ካርድ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እያሰሉ ነው። የዛሬን የበሬ ዋጋ በብር፣ ብሩን በዶላር።

«ስማ ሽፈራው፣ እንደ በሬውማ ከሆነ ሰውየው አላስወደደም። ገና ቅናሽ ነው።»

አልሳቅኩም። ከእሳቸው ይህን አልጠበቅኩም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ የዕረፍት ሰዓት፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ

ሰው ለምን ጠመንጃ ትሰበስባለህ ይለኛል። ስድስት አሉኝ። ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ነው ያሉት። ተኩሼባቸው አላውቅም፣ ዘይት እቀባቸዋለሁ፣ በቃ። ትርንጎ አንድ ጠመንጃ ሲገባ አንድ ወንበር ከቤቱ ይወጣል ትላለች። ውሸቷን አይደለም።

ለአንቺ ልንገርሽ። አባቴ ሲሞት አምስት ዓመቴ ነው። መርሐቤቴ። አንድ ምንሽር ነበረችው። አጎቴ ለቀስተኛው ፊት ተቀበላት፤ ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ አደራ ናት ብሎ፣ ምሎ። ነፍስ ሳውቅ ጠመንጃዋ የለችም። የአጎቴ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። በመንደሩ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቤት።

አጎቴ አሳደገኝ። አበላኝ፣ አስተማረኝ፣ አልክድም። ግን ክረምት በገባ ቁጥር እዚያ ጣሪያ ሥር ተኝቼ ዝናቡ ሲወርድበት፣ የአባቴ ጠመንጃ ናት የምትንጫጫው እል ነበር። አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን አልነገረኝም። ሞተ። አደራ በላ! ስንት ቅጠል ቆርቆሮ እንደወጣት እንኳ አላውቅም።

ሃምሳ ምናምን ዓመቴ ነው፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ሰዓቴ ደረሰ፣ ልነሳ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት 10 ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይቅር በይኝ።

ዴል አዲስ የጠመንጃ ሣጥን ከፍቶ ነበር። ያው የአገር ቤት ዕቃ፣ የዝገት መከላከያ ቅባቱ ላዩ ላይ እንደ ጭቃ የተጋገረ። ሦስተኛዋ ቤልጅግ ናት። አጭሯ፣ ያቺ የንጉሥ ባለሟል የሚያነግታት። ብረቷ ደህና ነው። ሰደፏን ገልበጥ ሳደርጋት ፊደል አየሁ። በሰፊ ምላጭ ሳይሆን አይቀርም የፈለፈለው፣ በቀስታ፣ ቀጥ ብሎ፣ የሚጽፍ ሰው እጅ ነው።

«አደራ ናት ልጁ እስኪያድግ»

ደብተሬ፣ ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ሰው፣ የት እንደሆነ እንጃ፣ የሌላ ሰው ጠመንጃ በአደራ ይዟል። እንዳይረሳ፣ ወይም እሱ ቢሞት ሌላው እንዳይሸጣት፣ ገላዋ ላይ ጻፈ። አጎቴ ያላደረገውን አደረገ!

ከሥሩ ሁለተኛ መሥመር አለ። የመጀመሪያዋ ፊደል «ለ» ናት። ቀሪው ቅባቱ ሥር ነው። ለ እገሌ ነው እንግዲህ፣ የልጁ ስም። በጥፍሬ ልፍቀው ስል ዴል ከኋላዬ መጣ። ምን ይላል፣ ሼፍ? አለኝ። ካርዱና እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው።

እስክሪብቶውን ሳይ ደሜ ፈላ። አደራ የሚለውን ቃል ካርድ ላይ ሊሰቅለው ነው። ተወላጅ አረጋገጠ ሊል ነው። ሺህ አራት መቶ ሊያደርጋት ነው፣ ሌላ ሊወስዳት ነው፣ ስልክ የያዘው ሰውዬ ሊወስዳት ነው። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

ስድብ ነው አልኩት።

አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላሰብኩትም። ምን ዓይነት ስድብ? አለኝ። የእናት ስድብ አልኩት። ወታደር ነው፣ ብሽቀት ይዞት የጻፈው ነው፣ ልነግርህ አፍራለሁ አልኩት። ዴል ፊቱ ቀላ። ሶሪ ሼፍ፣ ሶሪ፣ አለኝ፤ እኔን ራሴን የሰደበኝ ይመስል። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ያለች ዕቃ ድረ ገጼ ላይ አላወጣም፣ ለቤተሰብ ሰው አልሸጥም አለ። ካልከፋህ አንተ በሰባት መቶ ውሰዳት አለኝ።

ምንም አልከፋኝም አልኩት። ፎቶ አላነሳሁም። ስልኬን ካወጣሁ ይጠረጥራል ብዬ።

ሰባት መቶ! ይብላኝ ለእነሱ። በኪሎ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ጭነው ያመጡትን ዕቃ በታሪክ ዋጋ ሲሸጡልን ኖረዋል። አንዴ እኔ ባታልል ምን አለበት?


ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከሰዓት

ከሥራ በቀጥታ ሄጄ ከፈልኩ። ፎርም ሞላሁ። የዚህ ስቴት ሕግ ደግሞ አለ፤ ወንጀል እንዳለብህ ይጣራል፣ አሥር የሥራ ቀን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ትወስዳለህ። ገንዘቡን ግን ያኔውኑ ይቀበሉሃል! ዕቃው እዚያ፣ ገንዘቡ እዚያ፣ ሽፈራው ባዶ እጁን። ስድስት ጊዜ ተጣርቻለሁ። ሰባተኛው ላይ ሽፍታ እሆናለሁ?

ስወጣ ዴል ጠራኝ። እስክትወስዳት ክሊን አደርግልሃለሁ አለኝ። በነፃ፣ ለአንተ ስል ነው አለ። ደስ አለኝ። ቅባቱ ከለቀቀ ሁለተኛው መሥመር ይወጣል፣ የልጁን ስም ቤቴ ገብቼ አነበዋለሁ። ኦኬ ክሊን አድርጋት፣ ታንክ ዩ፣ አልኩት።

ክፉ ሰው አይደለም እኮ። ይኼው ነው የሚያናድደው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ለጋሽ ሙላት ነገርኳቸው። መንገር አልነበረብኝም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ እኔ ግን በአንድ ሲኒ ሻይ ነው ያወጣሁት።

ጽሑፉን ስነግራቸው ሲኒውን አስቀመጡ። ድገምልኝ አሉ። ደገምኩ። ሁለተኛው መሥመርስ? አሉ። ገና ነው፣ ቅባት አለበት አልኳቸው። ከዚያ ለዴል ያልኩትን ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ።

«አደራውን ስድብ አልከው?»

ጋሽ ሙላት፣ ዋጋ ይጨምርብኝ ነበር እኮ አልኳቸው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉኝ። ተናደድኩ! እኔ ነኝ አደራ የበላሁ? ማን አደራ ሰጠኝ? ያየሁት እንጨት ነው፣ የሰውየውን ስም አላውቅ፣ የልጁን ስም አላውቅ። ይልቅ ከሌላ ሰው እጅ አወጣኋት! ድምፄን ከፍ አደረግኩባቸው፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ።

እሳቸው ግን ስለ እኔ እያሰቡ አልነበረም። ጠመንጃ ይሰብሰብ የተባለ ጊዜ መዝገቡን የያዝኩ እኔ ነበርኩ አሉ። ገበሬው ተሰልፎ ይሰጣል፣ እሳቸው ቁጥር ይጽፋሉ። ስንቱ እጄን ይዞ አደራ ብሎኛል አሉ። ይመለስልኛል ብሎ ነው እኮ የሚሰጥህ። «አዎ እለው ነበር ሽፈራው፤ ሌላ ምን እላለሁ? ሰልፉ ረጅም ነው።»

ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ። የወሰድካት ቀን ጥራኝ አሉኝ። መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ፣ የልጁን ስም ማየት እፈልጋለሁ አሉ። እጠራዎታለሁ አልኳቸው። ደረጃውን ስወርድ ንዴቴ የት እንደገባ ጠፋኝ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ማታ፣ ከራት በኋላ

ትርንጎ ሰባተኛዋን መግዛቴን ከባንክ ወረቀቱ አወቀች። ጮኸች። ጮኽኩ። የት ልትቆም ነው፣ አልጋችን ላይ ነው? አለች። ቢሆንስ! አልኳት። ሊያ ልጃችን ከክፍሏ ወጣች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በአማርኛ ትጠየቃለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት፣ ስለ አጎቴም ጭምር። ትርንጎ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር የቆርቆሮውን ነገር ሰምታ አታውቅም። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ሊያ «ሶ ዩ ላይድ፣ ዳድ» አለችኝ።

ልጅሽን ስሚያት! አልኳት እናቷን። ዋጋ ማስቀነስ ነው እንጂ ውሸት አይደለም፣ መርካቶ ብትሄጂ ምን ልትዪ ነው አልኳት ሊያን። መርካቶን አታውቀው፣ ምን ታደርግ። ትርንጎ ግን አልፈረደችብኝም። ያልጠበቅኩትን ጠየቀች፦ «ልጁ ማን ይሆን?»

ከዚያ ሦስታችንም ስም ስናወጣ አመሸን። ለታደሰ። ለሞገስ። ሊያ ለሴት ልጅ ቢሆንስ አለች፤ «ልጁ» ይላል አልናት። ለአየለ ነው አለች ትርንጎ፣ ሟቹ ወንድሟ አየለ ስለነበር። እኔ ደፍሬ ስም አልጠራሁም። ዛሬ በሕይወት ካለ የእኔ ዕድሜ ይሆናል ብቻ አልኩ። ምናልባት እሱም አንድ አገር አውቶቡስ ይነዳል። ምናልባት አደራዬን በላብኝ ብሎ ሰውየውን ሲረግም ይኖራል። ሰውየው ደግሞ አልበላውም! ጽፎለት ነበር። ያነበበለት የለም እንጂ።

ለዴል እነግረዋለሁ። እውነቱን። መንገር አለብኝ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከቀኑ 7 ሰዓት

ልነግረው ሄድኩ። በእግዜር፣ ልነግረው ነው የሄድኩት። መጋዘኑ ጢም ብሏል፣ ቅዳሜ ነው። ያ ስልክ የያዘው ዓይነት ሰው አጠገቡ ቆሟል፣ የሁለት በሬዋን ምንሽር እያገላበጠ። ሺህ ገብታለች! በሦስት ሳምንት ሃምሳ ዶላር! ደሜ እንደገና ፈላ። እዚህ ሰው ፊት ቤልጅጓ ላይ ምን እንደተጻፈ ብናገር፣ ሰውዬው በአንዴ እጥፉን ይጠራል። ከፍያለሁ፣ ፎርም ሞልቻለሁ፣ ግን ማን ያውቃል። ዋጥኩት።

ዴልን ላያት ብዬ ጠየቅኩት። ከኋላ ክፍል አላስገባኝም። ጠቀሰኝ፣ ሰርፕራይዝ ነው አለ፣ ማክሰኞ ና አለ። ጣቱ ቡናማ ቀለም ነክቶታል፣ የተልባ ዘይት ይሸታል። ጥሩ አድርጎ እየያዘልኝ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከወሰድኳት በኋላ እነግረዋለሁ። ያኔ ዋጋው አያገባንም፣ ሰው ለሰው ሆነን እናወራለን።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከምሽቱ 2 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልሆነ አልችልም።

9 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዴል ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ጠበቀኝ። ገለጠው። ቤልጅጓ ታበራለች። ብረቷ ጠርቷል፣ እንጨቷ ቀይ ሆኗል፣ እንደ አዲስ የቤት ዕቃ። አገላበጥኳት። ሰደፏን አየሁ። ሌላውን ጎን አየሁ። እንደገና መለስኩ።

የለም።

ልስልስ ያለ እንጨት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ፍቆ፣ ጥልቁ ፊደል እስኪጠፋ ፍቆ፣ ቀለምና ዘይት አጠጥቶታል። አራት ማታ ፈጀብኝ አለኝ። እንደዚያ ያለ ስድብ ይዘህ ቤትህ እንድትገባ አልፈለግኩም አለኝ፤ ሚስት አለህ፣ ሴት ልጅ አለህ። ክሊን አደርግልሃለሁ አላልኩህም?

ክሊን። እኔ ቅባት መስሎኝ! እሱ ስድቡን ነው ያጸዳልኝ። ለእኔ ክብር ብሎ።

ፎቶ አንስተሃት ነበር? አልኩት። ይህ ሰው ሚስማር እንኳ ሳይቀር ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው፣ ለድረ ገጹ። አላነሳሁም አለኝ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ስልኬ ላይ አላስቀምጥም አለኝ። ሁለተኛው መሥመርስ፣ ቅባቱ ሲለቅ ምን ዓይነት ፊደል ነበር፣ አራት ነበሩ፣ አምስት? አልኩት። ግራ ገባው። እኔ አማርኛ አላውቅ ሼፍ፣ አለኝ። ከዚያ ተጨንቆ፣ አጠፋሁ እንዴ? አለኝ።

ምን ልበለው? ሰው እንዲህ ደክሞልኝ፣ ጣቱ ገና ቀለሙ አልለቀቀ። አላጠፋህም፣ ታንክ ዩ፣ አልኩት። ሁለተኛውን ውሸት።

ጋሽ ሙላትን ጠርቻቸው ነበር። 12 ሰዓት ላይ መጡ፣ ሸሚዝ ለውጠው፣ ማጉያ መነጽር ይዘው። ትርንጎ ወንበር አቀረበችላቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰደፏን አሹት፣ መነጽሩን አስጠጉ፣ ወደ መብራቱ አዞሩት።

«የቱ ጋ ነው?»

ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይቆጡኝ ነበር የፈለግኩት! በዚህ ሦስት ሳምንት እኔ ስቆጣ ነው የከረምኩት፣ በዋጋው፣ በካርዱ፣ በሕጉ፣ በልጄ፣ በሞተ አጎቴ፤ አንድ ሰው በእኔ ቢቆጣ ምን ነበረበት። እሳቸው ግን እንጨቱን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳበስ አደረጉና መነጽራቸውን ማኅደሩ ውስጥ መለሱ። ሽፈራው፣ ቤቴ አድርሰኝ አሉ። እሳቸው ሲወርዱ ነው የገባኝ፤ ለእሳቸው አንዱ ስም ይበቃቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ አንድ ስም።

ትርንጎ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፣ በክፋት አይደለም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

አጎቴ ቢያንስ ጣሪያ ሠራባት። እኔ ምን ሠራሁ? ከሺህ አራት መቶው ሰባት መቶ ዶላር አተረፍኩ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ሥራ ልገባ ነው። ቤልጅጓን ቁም ሣጥን ውስጥ አላስገባኋትም። ትርንጎ ሶፋው ላይ ጨርቅ አልብሳት አገኘኋት። ወንበር ይውጣ አላለችም።

ወስኛለሁ። ቅዳሜ ዴል ዘንድ እሄዳለሁ። ሰው ቢኖርም ባይኖርም። ስድብ አልነበረም እለዋለሁ፣ ዋሽቼህ ነው፣ ዋጋ ፈርቼ ነው። አደራ ማለት ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ካነሰኝ ሊያን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷ ቃሉን ትፈልግልኛለች። ያዝናል፣ አውቀዋለሁ። ይዘን። ይቆጣኝ።

የቀሩትንም ሣጥኖች አነብለታለሁ። አንድ በአንድ፣ ቅባቱን በገዛ ጨርቄ ጠርጌ፣ እስከ መጨረሻው መሥመር። እኔው በእጄ ፎቶ አነሳቸዋለሁ፣ ስሙን ሁሉ አንቺ ላይ እጽፋለሁ። እሱ ካርድ ይጻፍባቸው። ዋጋ ይጨምር። ሺህ ያድርጋቸው፣ ሁለት ሺህ ያድርጋቸው፣ ከእንግዲህ አልናደድም። እናደዳለሁ። ግን አነብባለሁ።

ዴል ታሪክ ይወዳል። ሁሉን ከሰማ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ታዲያ ለማን ነበረች፣ ሼፍ? ይለኛል። እኔም የቀረችኝን አንዷን ፊደል እለዋለሁ፣ ለ